ከባሕር በታች ያለው መረጃ እንዴት ይወጣል? ብርሃንና ድሮን በውቅያኖስ ግንኙነት ላይ ያላቸው ድርሻ

ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ፣ በሳዑዲ ዓረቢያዋ የጅዳ ከተማ አቅራቢያ፣ አህጉራትን የሚያገናኙ የፋይበር ኦፕቲክ ኬብሎች ተበጠሱ። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የኢንተርኔት ፍጥነት ቀነሰ፤ የማይክሮሶፍት ኩባንያም ደንበኞቹ መዘግየት ሊያጋጥማቸው እንደሚችል አሳወቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በሚሳይል ተመትታ ከሠራተኞቿ ባዶ ሆና ስትንሳፈፍ ሳለ፣ በዚያው ባሕር ሦስት ኬብሎች ተጎድተዋል። ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው መርከቧ ስትጎትተው የነበረው መልሕቅ እንደሆነ ይታመናል። አካባቢው የግጭት ቀጣና ስለነበረም ጥገናው ወራት ፈጅቷል።

ይህ ጉዳይ ለሀገራችን ተገልጋይ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፣ ከዓለም ጋር የምትገናኝበት የኢንተርኔት መስመር በጎረቤት ሀገሮች በኩል አልፎ በባሕር ውስጥ ከተዘረጉት ኬብሎች ጋር ይገናኛል፤ ከእነዚህ መውጫዎች መካከል በጅቡቲ በኩል ያለው በቀዳሚነት ይጠቀሳል። የውጭ ሀገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የሚልክ ወጣት፣ ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሠራተኛ፣ ሰነዱን በመስመር ላይ የሚያረጋግጥ አስመጪ፣ ሁሉም መልእክታቸው በመንገዱ ላይ ከባሕር በታች ያልፋል። እርግጥ ነው፣ በአገልግሎት መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ምላሽ በተሰጠ ቁጥር ምክንያቱ ባሕር ነው ማለት አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ወይም በከተማው ውስጥ የተቆረጠ መስመርም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከባሕሩ የሚመጣው ችግር ሲከሰት ስፋቱም ቆይታውም የተለየ ነው።

በቅርብ ዓመታት በዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ዘንድ ሰፊ ትኩረት እያገኘ የመጣ አንድ ዘርፍ አለ። ይኸውም ያለ ገመድ በብርሃን ጨረር መረጃን ማስተላለፍና ለዚህም ሰው አልባ አውሮፕላኖችን፣ በተለምዶ አጠራር ድሮኖችን፣ በባሕር ላይ መጠቀም ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራጨው አንዳንዱ መረጃ ድሮኖቹ የባሕር ኬብልን የሚተኩ፣ ከእንግዲህም የኬብል መበጠስ የማያሳስብ አስመስሎ ያቀርበዋል። ይህ ትንታኔ የተዘጋጀው ተገልጋዩ ማኅበረሰብ ቴክኖሎጂው በእርግጥ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ እንዲረዳ ነው። አስቀድሞ ለመግለጽ ያህል፣ ብርሃንና ድሮን በጋራ የሚፈቱት ችግር አለ፤ ችግሩም ከባሕሩ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ መውጫ ያጣ መረጃን በውኃና በአየር መካከል ያለችውን አጭር ርቀት ማሻገር ነው። ኬብል የሚሠራውን ሥራ ግን አይሠሩም።

የችግሩ መነሻ የባሕር ውኃ ጠባይ ነው። በየብስ ላይ ስልካችን፣ ሬዲዮናችንና ዋይፋያችን ሁሉ የሚሠሩት በሬዲዮ ሞገድ ነው። ጨዋማ ውኃ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በዚህም ምክንያት የሬዲዮ ሞገድን ውጦ ያስቀራል። ስልክ የሚጠቀምበት ዓይነት ሞገድ በባሕር ውስጥ ከሴንቲሜትሮች በላይ እምብዛም አይጓዝም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለሰርጓጅ መርከቦቹ መልእክት ለማድረስ በዊስኮንሲንና በሚሺጋን ግዛቶች በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች የሚለካ አንቴና ዘርግቶ፣ በሴኮንድ 76 ጊዜ ብቻ የሚርገበገብ እጅግ ዝቅተኛ ሞገድ ይጠቀም ነበር። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2004 ድረስ አገልግሎት ሰጥቷል። ያን ያህል ግዙፍ መሣሪያ ሊያስተላልፍ የሚችለው በደቂቃዎች ውስጥ ጥቂት ፊደላትን ብቻ ነበር፤ ሰርጓጁም መልስ መስጠት አይችልም ነበር።

ስለዚህ የባሕር ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የተደገፉት በድምፅ ነው። ድምፅ በባሕር ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ርቀቱም ብዙ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጉድለቱ የሚሸከመው የመረጃ መጠን ማነሱ ነው። ለምሳሌ 3 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ ፎቶግራፍ በሴኮንድ 10 ኪሎቢት በሚልክ የድምፅ መሣሪያ ቢላክ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ይኸው ፎቶግራፍ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ የብርሃን መሣሪያ ቢላክ የሚወስደው 2.4 ሴኮንድ ብቻ ነው። በ10 ሜጋቢት ፍጥነት እስከ 50 ሜትር ርቀት የሚሠሩ መሣሪያዎች ዛሬ በገበያ ላይ አሉ፤ የስዊዘርላንዱ ሃይድሮሚያ ኩባንያ ከአምራቾቹ አንዱ ነው።

ብርሃንም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ቀይ ብርሃን በባሕር ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ተውጦ ይጠፋል፤ ሩቅ የሚዘልቀው ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። ጠላቂዎች በጥልቅ ባሕር ውስጥ ሁሉም ነገር ሰማያዊ መስሎ የሚታያቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ከቀለሙ በላይ ወሳኙ ግን የውኃው ጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪ የሆነው ቴዎዶር ፔትዞልድ በሦስት ዓይነት ባሕሮች ውስጥ የብርሃንን መዳከም ለክቶ ያወጣው መረጃ እስከ ዛሬ ድረስ የዘርፉ ባለሙያዎች መነሻ ነው። በእርሱ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ሲሰላ፣ በጠራው የባሐማስ ባሕር ውስጥ ከተላከው ብርሃን 10 ሜትር ርቆ ሳይበታተን ቀጥ ብሎ የሚደርሰው 22 በመቶ ያህል ነው። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ውኃ ውስጥ 2 በመቶ አይሞላም። በሳን ዲዬጎ ወደብ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ደግሞ ከሦስት ቢሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። መሣሪያው አንድ ዓይነት ነው፤ ርቀቱም ያው 10 ሜትር ነው። ልዩነቱን ያመጣው በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደለልና ደቃቅ ሕያው ነገር ነው።

ይህን ስሌት እዚህ ላይ በዝርዝር ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቴክኖሎጂው በጣና ሐይቅ ወይም በዓባይ ወንዝ ላይ ለሚደረግ ክትትል ይጠቅም እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በክረምት ወራት ከደጋው አፈር እየጠረገ የሚወርደውን የዓባይን ውኃ ያየ ሰው መልሱን ከቁጥሩ በፊት ሊገምተው ይችላል። ጣናም ከገባሮቹ ወንዞች ብዙ ደለል የሚቀበል ሐይቅ ነው። እንዲህ ባለው ውኃ ውስጥ ከብርሃን ይልቅ ድምፅ የተሻለ ምርጫ ሆኖ ይቆያል። ከላይ ሆኖ የሐይቁን ገጽ በካሜራ ለመቃኘት፣ ለምሳሌ የእንቦጭ አረምን ሥርጭት ለመመልከት፣ ድሮን መጠቀም ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ የውኃው ድፍርስነት እንቅፋት አይሆንም።

ወደ ባሕሩ ስንመለስ፣ መረጃው በውኃ ውስጥ በብርሃን ቢጓዝም ገና አልወጣም። ከውኃው ገጽ ላይ ሌላ ደጃፍ ይጠብቀዋል። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲሻገር ይታጠፋል፤ ከገጹ ጋር ከሚሠራው ቀጥ ያለ መስመር ከ49 ዲግሪ በላይ አዘንብሎ የመጣ ጨረር ደግሞ ጨርሶ አይወጣም፤ እንደ መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ውኃው ይመለሳል። ባሕር እንደ መስታወት ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ይህ አያስቸግርም ነበር። ማዕበል ሲኖር ግን ገጹ በየሴኮንዱ ስለሚያዘነብል የጨረሩም አቅጣጫ አብሮ ይወዛወዛል። በኩሬ ውስጥ ያለ ሳንቲም ውኃው ሲነካ የሚንቀጠቀጥ መስሎ እንደሚታየው ማለት ነው። ጠባብ የሌዘር ጨረር እንዲህ ባለው ገጽ በኩል አልፎ በአየር ላይ ያለችን ትንሽ ተቀባይ ሳይስት እንዲያገኝ ማድረግ ብርቱ ፈተና ነው።

ለዚህ ፈተና ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥተዋል። አንደኛው ጨረሩን ማስፋት ነው፤ ሲሰፋ ፍጥነቱ ቢቀንስም በማዕበል ቢወዛወዝ ከተቀባዩ አያመልጥም። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከጅዳ በስተሰሜን በምትገኘው ቱዋል የተመሠረተው የንጉሥ አብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ከሚታወቁት የምርምር ማዕከላት አንዱ ነው። በባሴም ሺሃዳ የሚመራ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 አኳ-ፋይ የተባለ ሥርዓት ይፋ አድርጓል። በዚህ ሥርዓት ጠላቂው በእጁ የያዘው ስልክ መረጃውን በአጭር ርቀት ሬዲዮ በሰውነቱ ላይ ወደታሰረ አነስተኛ ኮምፒውተር ይልካል፤ ኮምፒውተሩም በአረንጓዴ ብርሃን ወደ ውኃው ገጽ ያስተላልፈዋል። በሙከራው የተገኘው ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 2 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ ርቀቱም ጥቂት ሜትር ነበር። ቁጥሩ አነስተኛ ቢመስልም የተሠራው በማንኛውም ገበያ ከሚገኙ ርካሽ ዕቃዎች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሁለተኛው መልስ ብርሃኑ የውኃውን ገጽ ራሱ እንዳያቋርጥ ማድረግ ነው። ግማሽ አካሉ በውኃ ውስጥ፣ ግማሹ ከውኃ በላይ የሆነ ተንሳፋፊ መሣሪያ ከታች በብርሃን ይቀበላል፤ ከላይ በሬዲዮ ወይም በሌዘር ያስተላልፋል። የድሮን ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ምድር ክብ በመሆኗ ከውኃው 2 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ አንቴና ያለ ግርዶሽ የሚያየው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። 100 ሜትር ላይ የሚያንዣብብ ድሮን ግን 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። ከተንሳፋፊው ተቀብሎ አድማሱን አሻግሮ ለመርከብ ወይም ለየብስ የሚያቀብል ድሮን፣ ሌላ ትልቅ መርከብ ወደ ቦታው መላክን ያስቀራል።

ይሁንና የድሮንን ድካም መዘንጋት አይገባም። በባትሪ የሚሠራ ባለ ብዙ ክንፍ ድሮን በአየር ላይ የሚቆየው በአብዛኛው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የባሕር ነፋስ ይገፋዋል፤ የጨው ርጭት ሞተሩን ይበላዋል፤ በተወዛወዘ ቁጥርም የብርሃን ጨረሩ ከዒላማው ይወጣል። ጭጋግና አቧራም ብርሃንን እንደ ግድግዳ ይጋርዱታል፤ ቀይ ባሕር ደግሞ የበረሃ አቧራ የማይለየው ባሕር ነው። ከመርከብ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ታስሮ የሚበር ድሮን የባትሪውን ችግር ያቃልላል፤ ሆኖም ከመርከቡ መራቅ አይችልም።

እነዚህ ሁሉ ድካሞች እያሉ ሥራው ለምን ይደከምበታል? መልሱን ከሁለት አሳዛኝ አደጋዎች ማግኘት ይቻላል። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 አውሮፕላን ከቤይሩት ተነሥቶ ከደቂቃዎች በኋላ በሜዲትራኒያን ባሕር ወደቀ፤ የ90 ሰዎች ሕይወትም አለፈ። የበረራ መረጃ መቅረጫ ሳጥኖቹ በቀጣዩ ወር ከባሕር ወለል ወጡ። አደጋው የደረሰው ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ መሆኑ ለፍለጋው ረድቷል። ከዚያ ስምንት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009፣ ከሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የወደቀው የኤር ፍራንስ የበረራ ቁጥር 447 ግን በዚህ ዕድል አልተጠቀመም። 228 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ያለቁበት ይህ አውሮፕላን የተገኘው ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ3,900 ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር።

በሳጥኖቹ ላይ የሚገጠመው አመልካች በየሴኮንዱ የሚያሰማው በድምፅ ሞገድ የሚተላለፍ ጥሪ ሲሆን፣ በወቅቱ ባትሪው እንዲቆይ ይጠበቅ የነበረው 30 ቀን ነው። ከኤር ፍራንስ አደጋ በኋላ ጊዜው ወደ 90 ቀን እንዲያድግ ተደርጓል። ጥሪው ከቆመ በኋላ ፍርስራሹን ያገኙት ሰው አልባ ሰርጓጅ መሣሪያዎች ናቸው። መሣሪያዎቹ የባሕሩን ወለል ለረጅም ሰዓታት ሲቃኙ ቆይተው፣ ያዩትን ለባለሙያዎች ማሳየት የሚችሉት ወደ መርከቡ ከተመለሱና መረጃው ከማኅደራቸው ከተገለበጠ በኋላ ነበር። ይህን አሠራር ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ማሽኑ የፈለጉትን ነገር ሲያልፍበት ማንም አያውቅም፤ የሚታወቀው ማሽኑ ወጥቶ፣ ተጎትቶ፣ ተገልብጦ ነው። ቤተሰብ በዳርቻው ቆሞ በሚጠብቅበት ሁኔታ ይህ ጥበቃ በሰዓት ብቻ የሚለካ አይደለም። በሰርጓጁ አቅራቢያ በብርሃን የሚቀበል ሌላ መሣሪያ ቢኖርና እርሱም በየጊዜው ወደ ገጹ እየወጣ በላይ ላለ ድሮን ቢያቀብል፣ ዋናው ማሽን ፍለጋውን ሳያቋርጥ ፎቶግራፉ ቀድሞ ይደርስ ነበር። የዘርፉ ተመራማሪዎች የሚደክሙት በዋናነት ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ነው።

ተመሳሳይ እጥረት በሰላም ጊዜም አለ። አርጎ በተባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር 4,000 ገደማ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች የውቅያኖሶችን ሙቀትና ጨዋማነት ይለካሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲንሳፈፍ ቆይቶ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ይጠልቃል፤ ከዚያም ወደ ገጹ ወጥቶ መረጃውን በሳተላይት ይልካል። የአየር ጠባይ ትንበያ ባለሙያዎች፣ የምሥራቅ አፍሪካን ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ጋር አያይዘው የሚተነትኑትም ጭምር፣ ከዚህ መረብ ይጠቀማሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቂት ቁጥር 10 ቀን መጠበቅ ብዙም አይጎዳም። የሱናሚ ማስጠንቀቂያም እንዲሁ የብርሃን እርዳታ አያስፈልገውም፤ በባሕር ወለል ላይ ያለ የግፊት መለኪያ ቁጥሩን በድምፅ ወደ ተንሳፋፊው፣ ተንሳፋፊውም በሳተላይት ወደ ማስጠንቀቂያ ማዕከሉ ያደርሳል። ቁጥር በድምፅ ይወጣል፤ ምስል ግን አይወጣም። ብርሃን የሚፈለገው ምስል ወይም ብዙ መረጃ በአጭር ጊዜ መውጣት ሲኖርበት ነው።

በጥር 2014 ዓ.ም. በቶንጋ የደረሰው ይህን በግልጽ አሳይቷል። የሁንጋ ቶንጋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ከአንድ መቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ያላትን ይህችን የደሴቶች ሀገር ከፊጂ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ዓለም አቀፍ ኬብል ተበጣጠሰ። በውጭ የሚኖሩ የቶንጋ ተወላጆች ቤተሰባቸው በሕይወት መኖሩን ሳያውቁ ቀናት አሳለፉ። ስለጉዳቱ የመጀመሪያው ግልጽ ምስል የተገኘው የኒውዚላንድ ወታደራዊ አውሮፕላን በደሴቶቹ ላይ በርሮ ባነሳው ፎቶግራፍ ነው። ኬብሉ ተጠግኖ የዋናው ደሴት አገልግሎት የተመለሰው በየካቲት ወር፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር። በዚያው ዓመት የእሳተ ገሞራውን አፍ የቃኘችው ማክስሊመር የተባለች 12 ሜትር ርዝመት ያላት ሰው አልባ ጀልባ ነበረች። ባለሙያዎቹ የሚቆጣጠሯት እንግሊዝ ሀገር ተቀምጠው በሳተላይት ነው፤ እንዲህ ባለው አደገኛ ሥፍራ ሰው መላክ አላስፈለገም። ሰው አልባ ማለት ሁልጊዜ የሚበር ማለት እንዳልሆነም ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ በባሕር ላይ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት ጀልባ ከድሮን ይሻላል።

እዚህ ላይ በመግቢያው ወደተነሣው ጥያቄ እንመለስ፦ ብርሃንና ድሮን የተበጠሰ ኬብልን ሊተኩ ይችላሉን? ከዚህ ቀደም በሰማይ ላይ የተሞከሩ ሁለት ትላልቅ ሥራዎች አሉ። ፌስቡክ አኪላ የተባለ ክንፉ ከመንገደኞች አውሮፕላን ክንፍ የሚረዝም፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ድሮን እ.ኤ.አ. በ2016 አበረረ፤ በ2018 ሥራውን አቆመ። የጎግል እናት ኩባንያ የሆነው አልፋቤት በሉን ፕሮጀክቱ በከፍተኛ ሰማይ ላይ በሚንሳፈፉ ፊኛዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በኬንያ አገልግሎት ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ መዝጋቱን አስታወቀ። ሁለቱም በቴክኒክ ረገድ ብዙ ያሳዩ ነበሩ፤ ወጪያቸው ግን ከገቢያቸው ጋር ሊጣጣም አልቻለም።

ከሉን ፍርስራሽ የተረፈው ነገር ግን ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ፊኛዎቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩበት ታስቦ የነበረው የብርሃን ጨረር ወደ ምድር ወርዶ ታራ በሚል ስም ሥራ ላይ ዋለ። በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩት ብራዛቪልና ኪንሻሳ ያላቸው ርቀት አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ይሁንና ጥልቅና ፈጣን የሆነውን ወንዝ በኬብል መሻገር አስቸጋሪ በመሆኑ የፋይበሩ መስመር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው መረጃ መሠረት በሁለቱ ከተሞች ሕንፃዎች ላይ የተተከሉት የብርሃን መሣሪያዎች በ20 ቀናት ውስጥ 700 ቴራባይት ገደማ አሻግረዋል። የተሳካበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ርቀቱ አጭር ነው፤ መሣሪያዎቹም በማይንቀሳቀስ ሕንፃ ላይ የቆሙ ናቸው። በባሕር ላይ ያለ ድሮን ሁለቱንም አያገኝም።

መጠኑንም ማነጻጸር ይገባል። የታራ መሣሪያ በሴኮንድ እስከ 20 ጊጋቢት ያስተላልፋል። አፍሪካን እንዲዞር የታቀደውና 45,000 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቱአፍሪካ የተባለው ኬብል የተነደፈው በዋና ዋና ክፍሎቹ እስከ 180 ቴራቢት እንዲሸከም ነው። የአንዱን ኬብል አቅም ለመተካት 9,000 እንዲህ ዓይነት ጨረሮች ጎን ለጎን መቆም ይኖርባቸዋል፤ ያውም ከ20 ኪሎ ሜትር ለማያልፍ ርቀት። ስለዚህ «ድሮን ኬብልን ይተካል» የሚለው አነጋገር በስሌት አይደገፍም።

የተበጠሰውን ቦታ ለማግኘትም ቢሆን ድሮን አስፈላጊ አይደለም። ባለሙያዎች ከየብስ ጣቢያው ሆነው በኬብሉ ውስጥ የብርሃን ምት ይልካሉ፤ ምቱ ተንጸባርቆ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክተው ስብራቱ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ያውቃሉ። በዓለም ላይ በዓመት ከ150 እስከ 200 የሚደርሱ የኬብል ጉዳቶች ይከሰታሉ፤ አብዛኞቹም ከዓሣ ማጥመጃና ከመልሕቅ የሚመጡ ናቸው። ጊዜ የሚወስደው ቦታውን ማወቅ ሳይሆን የጥገና መርከብ ማግኘት፣ ከባሕሩ ባለቤት ሀገር ፈቃድ መቀበልና ቦታው የግጭት ሥፍራ ከሆነ ደኅንነቱን ማረጋገጥ ነው። ድሮን ሊያግዝ የሚችለው መልሕቋን እየጎተተች ወደ ኬብል መስመር የምትጠጋን መርከብ አስቀድሞ በማየት፣ እንዲሁም በጥገናው ሰዓት ከውኃው ውስጥ የሚወጣውን ምስል ለአስጠጋኙ ቡድን በማቀበል ነው። በእኛ ግምገማ ሩቢማር በተንሳፈፈችባቸው ቀናት ከላይ የሚከታተላት ድሮንና የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ቢኖር እንኳ፣ በዚያ የግጭት ቀጣና መርከቧን ጎትቶ የሚያወጣ አካል ማግኘት የተለየ ጥያቄ ይሆን ነበር።

ተገልጋዮች ከዚህ ጋር በተያያዘ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦች አሉ። በመጀመሪያ ድሮን ወደ ሀገር ውስጥ ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ለምርምርና ለትምህርት የሚውለውንም ይጨምራል፤ ከውጭ የሚመለሱ ዜጎች በሻንጣቸው ይዘውት የሚመጡትም አነስተኛ ካሜራ ያለው ድሮን ቢሆን ያለ ፈቃድ በመግቢያ በር ላይ ሊያዝ ይችላል። ስለሆነም ግዢ ከመፈጸም በፊት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዘርፉ ለመማር ወይም ለመመራመር የምትፈልጉ ወጣቶች ባሕር የሌለበት ሀገር ዜጋ መሆናችሁ ሊያግዳችሁ አይገባም። በብርሃን መገናኘት ከባሕር ውጭም ያው ፊዚክስ ነው፤ ከሸለቆ ማዶ ወዳለ ትምህርት ቤት ጨረር ማሻገር በኮንጎ ወንዝ ላይ ከተደረገው የተለየ አይደለም። አኳ-ፋይን የሠሩት ተመራማሪዎች የተጠቀሙበት ዓይነት አነስተኛ ኮምፒውተርም በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ ሙከራዎች እንግዳ ዕቃ አይደለም።

በመጨረሻም የባሕር ኬብል መበጠሱ በይፋ በተገለጸ ጊዜ ሁሉም አገልግሎት አይቆምም። መረጃው በሀገር ውስጥ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ አገልግሎት ወደ ባሕር ሳይወጣ ሊሠራ ይችላል፤ ሰርቨሩ በውጭ ሀገር ያለው ግን ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። የጊዜ ገደብ ያለው ማመልከቻ ወደ ውጭ ሀገር ተቋም የምትልኩ ተገልጋዮች የመጨረሻውን ቀን ባትጠብቁ ይመረጣል፤ መላክ ካልተቻለም የማያ ገጹን ምስል ከነቀኑና ከነሰዓቱ አስቀምጡ፤ ለተቋሙ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ ማስረጃ ይሆናችኋል። ገንዘብ ከውጭ የሚጠባበቁም ክፍያው ሳይጠናቀቅ ቢቋረጥ ደግሞ ከመላካቸው በፊት የመጀመሪያው መድረሱን ወይም መመለሱን ከባንካቸው ያረጋግጡ።